እርጋታን ያስተማረ፣ ጠርሙሱን ያልተወ ሰው

ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሏችሁ ስልካችሁን ስትነካኩ ድምፁን ሰምታችሁት ይሆናል። ከሥር ለስለስ ያለ ሙዚቃ አለ፤ ከላይ ደግሞ ጎርነን ያለ፣ የእንግሊዝ ለዛ ያለው፣ በየመሀሉ ከት ብሎ የሚስቅ የጎልማሳ ድምፅ። ስለ ጭንቀት፣ ስለ ሞት፣ አሁን ስላለንባት ቅጽበት ያወራል። ብዙ ሰው ዛሬም በሕይወት ያለ ፖድካስት አቅራቢ ይመስለዋል። አላን ዋትስ ግን ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲሞት 58 ዓመቱ ነበር፤ ጓደኞቹ ደግሞ ቀደም ብለው በመጠጡ ምክንያት ሲሰጉለት ነበር።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ስትሰሙ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይመጣል። አንዱ፣ እንዴ ታዲያ የሚያወራው ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው ይላል። ሌላው ጆሮውን ደፍኖ ቪዲዮውን ማየቱን ይቀጥላል። እኔን ሁለቱም አያረኩኝም፤ ስለዚህ የሰውዬውን ሕይወት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋትስ የተወለደው ጃንዋሪ 6 ቀን 1915 ከለንደን ብዙም በማትርቀው ቺዝልኸርስት ነው። ለቤቱ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ሚሽላን የተባለው የጎማ ኩባንያ የለንደን ቢሮ ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ የሚሲዮናውያን ሴት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ለወንጌል ወደ ቻይና የሄዱት ሚሲዮናውያን ሲመለሱ ለእናቱ ስጦታ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ጥልፍ፣ ሥዕል፣ ዕቃ። ትንሹ አላን ጉም ውስጥ የሚጠፉትን የቻይና ተራሮች እያየ አደገ። ነገሩ ያስቃል፤ ቻይናን ክርስቲያን ለማድረግ የሄዱት ሰዎች ሳያውቁት ቻይናን ተሸክመው አንድ የእንግሊዝ ልጅ ቤት አስገቡ።

በኋላ ከካንተርበሪ ካቴድራል አጠገብ ያለው ኪንግስ ስኩል የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ጸሎቱም ሥርዓቱም ጥብቅ ነበር። እዚያው እያለ ፍራንሲስ ክሮሾ የሚባል ሀብታም ወዳጁ ስለ ቡድሂዝም የተጻፉ መጻሕፍት ያውሰው ጀመር። ልጁም ገና ጢሙ ሳያበቅል ቡድሂስት ነኝ አለ። ክሪስማስ ሃምፍሪስ የተባለው ጠበቃ ለሚመራው የለንደን ቡድሂስት ሎጅ ደብዳቤ ጻፈ፣ ተቀበሉት፤ በ16 ዓመቱ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ። የኦክስፎርድ ነጻ የትምህርት ዕድል ፈተና ላይ ግን የኒቼን አጻጻፍ በመሰለ ቄንጥ መልስ ጽፎ ወደቀ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ማተሚያ ቤት ሠራ፣ ባንክ ሠራ፤ በትርፍ ጊዜው እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1936፣ በ21 ዓመቱ፣ ስለ ዜን የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው ዓመት ዜንን ለምዕራቡ ዓለም ያስተዋወቀውን ጃፓናዊ ሊቅ ዲ. ቲ. ሱዙኪን ለንደን ውስጥ አገኘው።

በ1938 ኤሊኖር ኤቨረትን አግብቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አማቱ ሩት ኤቨረት ጃፓን ሄዳ ዜን የተማረች፣ ብርቱ ሴት ነበረች። ኒው ዮርክ ውስጥ ሶኬይ-አን የሚባል የዜን መምህር ነበር፤ ዋትስ እሱ ዘንድ በሥርዓት መማር ጀመረ። ዜን ሲማሩት እንደ ቪዲዮው አይደለም። እግር አጣጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ አለ፤ መምህሩ በአመክንዮ የማይፈታ እንቆቅልሽ ይሰጣል፤ ተማሪው መልስ ይዞ ይመጣል፣ መምህሩ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይመጣል። ዋትስ ብዙም ሳይቆይ ተወው። የራሱን መንገድ መረጠ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ማንም የማይጠብቀው ነው፤ ቄስ ሆነ። ኢሊኖይ ውስጥ ኢቫንስተን ከተማ ባለው የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረና ክህነት ተቀበለ። ከዚያም በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ካህን ሆነ። ተማሪዎች ይወዱት ነበር፤ ቤቱ እየተሰበሰቡ እስከ እኩለ ሌሊት ያወራሉ። ግን ትዳሩም እምነቱም አብረው ተሰነጠቁ። በ1950 ክህነቱን ተወ፣ ጋብቻው ፈረሰ፣ ዶሮቲ ዴዊትን አገባ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ዕድሜ 35። ሥራ የለም። ማዕረግ የለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ቀድሞውንም አልነበረም። ስሙ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ጠፍቷል። ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ኒው ዮርክ ግዛት ሚልብሩክ አካባቢ አንድ የገበሬ ቤት ገቡ። ጆሴፍ ካምቤል፣ ያው የአፈ ታሪክ ሊቁ፣ ከቦሊንገን ፋውንዴሽን ትንሽ የገንዘብ ድጋፍ እንዲያገኝ ረዳው። በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ ዛሬም የሚነበበውን ስለ ጭንቀት የጻፈውን መጽሐፍ የጀመረው። መጽሐፉ በ1951 ወጣ፤ የርዕሱ ትርጉም «ዋስትና የማጣት ጥበብ» እንደማለት ነው። ኪሱ ሞልቶ ስለ ድህነት ከሚሰብክ ሰው ይልቅ እኔ ይኼን አምነዋለሁ።

የመጽሐፉ ሐሳብ ሲጠቀለል እንዲህ ነው። ሕይወት ራሷ ተለዋዋጭ ናት፤ ከማትለወጥ ነገር ዋስትና መፈለግ ያስኬዳል፣ ከምትፈስ ነገር ዋስትና መፈለግ ግን ጭንቀቱን ራሱን ይወልደዋል። ዋስትናን ባሳደድነው ቁጥር ዋስትና ማጣታችን ይሰማናል። ከእንቅልፍ ጋር የምታደርጉትን ትግል አስቡት፤ ነገ ፈተና አለ፣ አሁን መተኛት አለብኝ ስትሉ ዓይናችሁ እንደ ድመት ይፈጣል። ጭንቀትም እንደዚያ ነው። መጨነቄን ማቆም አለብኝ የሚለው ሐሳብ ሁለተኛ ጭንቀት ሆኖ በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። ዋትስ ይኼን ከታኦ ሊቃውንትና ከቡድሂዝም ቀድቶ፣ ቢሮ ተቀምጦ ጨጓራውን የሚያመው የአሜሪካ ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ ጻፈው።

ዘመኑ ራሱ የጭንቀት ዘመን ነበር። ጦርነቱ አልቋል፣ የአቶም ቦምብ ግን ገና መመረቱ ነው። በ1955 ሚልታውን የተባለች የማረጋጊያ ክኒን አሜሪካ ገበያ ላይ ወጣች፤ ሰው ተሻማባት፤ መድኃኒት ቤቶች አልቋል የሚል ማስታወቂያ እስኪለጥፉ ደረሱ። በ1963 ደግሞ ቫሊየም፣ እኛ ዳያዚፓም የምንለው፣ ተከተለች። እንግዲህ ገበያው ውስጥ ሁለት ሸቀጥ ነበር ማለት ነው፤ በብልቃጥ የሚሸጥ እርጋታና በንግግር የሚሸጥ እርጋታ። ዋትስ የሁለተኛው ነጋዴ ሆነ። ይኼን ለስድብ አይደለም የምለው፤ እሱም ራሱን እንደ ፍልስፍና አዝናኝ እንጂ እንደ ጉሩ አያይም ነበር።

በ1951 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በአሜሪካ የእስያ ጥናቶች አካዳሚ ማስተማር ጀመረ። ከ1953 ጀምሮ በርክሌይ ያለው ኬፒኤፍኤ ሬዲዮ ላይ በነጻ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምንሰማው ብዙው ድምፅ ከሬዲዮና ከንግግር ቅጂዎች የተረፈ ነው። በ1957 «የዜን መንገድ» የሚለው መጽሐፉ ወጥቶ በሰፊው ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት አካዳሚውን ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ፍሪላንሰር ሆነ በሉት። ኬኪውኢዲ ቴሌቪዥን ላይም ስለ ምሥራቅ ጥበብ ተከታታይ ፕሮግራም ሠራ።

እዚህ ላይ እንደ ኢኮኖሚክስ ተመራቂ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ዋትስ ከሁለቱ ትዳሮች 7 ልጆች ነበሩት። የዶሮቲም ትዳር ፈረሰ፤ ሦስተኛ ሚስት አገባ። የልጆች ቀለብ አለ፣ የፍቺ ክፍያ አለ። ገቢው ያለው መድረክ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ካልተናገረ አይበላም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከከተማ ከተማ፣ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን። ስለ አሁኗ ቅጽበት የሚሰብከው ሰው የቀን መቁጠሪያው ለወራት ወደፊት ተይዞ ነበር። ያለ ቋሚ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ይኼ ስሜት ይገባዋል፤ እኔም ይገባኛል።

ስለ ኤልኤስዲ ሳላነሳ ባልፍ ይቀራል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልኤስዲ ገና ሕጋዊ ነበር፤ ካሊፎርኒያ የከለከለችው በ1966 ነው። ዋትስ በ1958 ኪት ዲትማን በተባለ የሎስ አንጀለስ የአእምሮ ሐኪም ጋባዥነት በምርምር መልክ ሞከረው፤ መጀመሪያ ብዙም አልገረመውም፤ በኋላ ከሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች ጋር ሲደግመው ግን ተገረመ፤ በ1962ም መጽሐፍ ጻፈበት። አስተያየቱ ግን ከዘመኑ ወጣቶች የተለየ ነበር። ዕፁን እንደ ማይክሮስኮፕ ነው ያየው፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ያየውን አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ ዓይኑን መስታወቱ ላይ አጣብቆ አይኖርም ባይ ነበር። ለአንዱ ንጥረ ነገር እንዲህ የሠለጠነ ወሰን ያበጀ ሰው፣ ለሌላው፣ በየሱቁ ለሚሸጠው፣ ወሰን አጣለት።

መጠጥ። በ1960ዎቹ ዋትስ ሳውሳሊቶ ባሕር ዳር ቆማ በቀረች ቫሌሆ በምትባል አሮጌ ማመላለሻ መርከብ ላይ ይኖር ነበር። ጓደኛ የማይጠፋባት፣ ወይን የማይነጥፍባት መርከብ ናት። ሲጋራው ከአፉ አይለይም። ወይኑ ቀስ በቀስ ወደ ቮድካ ተለወጠ። ጠጥቶም መድረክ ላይ ሲወጣ ንግግሩ ብዙ አይደናቀፍም ነበር ይባላል፤ ይኼ ደግሞ በረከት ሳይሆን መዘዝ ነው። የሚወላገድ ሰው ጓደኛ ይደግፈዋል፤ የማይወላገደውን ሁሉም ያጨበጭብለታል። ራሱን ቅዱስ አስመስሎ አላቀረበም። በ1972 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መብልና መጠጥ፣ ደስታና ሴት እንደሚወድ አልደበቀም። በ1986 የሕይወት ታሪኩን የጻፈችው ሞኒካ ፈርሎንግም አንዱንም አልሸፈነችለትም።

አልኮል ለተጨነቀ ሰው ለምን እንደሚጣፍጥ ምስጢር አይደለም። አንጎላችን ውስጥ ነርቮችን የሚያበርድ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሚያነቃቃ ግሉታሜት የሚባልም አለ። መጠጥ የመጀመሪያውን ያጎላል፣ ሁለተኛውን ይጫናል። ትከሻ ይፈታል፣ ዓለም ይለሰልሳል። አንጎል ግን ሚዛን ይወዳልና በተቃራኒው መግፋት ይጀምራል። መጠጡ ከደም ሲወጣ ግፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ ያኔ ነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት ልብ እየደለቀ የሚነቃው። ጠዋት ላይ ያለው ጭንቀት ከትናንቱ ይብሳል። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ይኼ ከነገ እርጋታ ላይ የተወሰደ ብድር ነው፤ አበዳሪውም አራጣ አበዳሪ ነው። ብድሩን በሌላ ብድር መክፈል ስትጀምሩ ሰውነት ይለምዳል፣ መጠኑ ይጨምራል።

እኛ ሰፈር ደግሞ ብድሩ ሰንሰለት አለው። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ጠዋት ድብርቱን ለማባረር እንደገና ሌላ ነገር። ከዚያ ከጓደኛ ቦርሳ የወጣች ዳያዚፓም ትመጣለች፤ ለእሱ የታዘዘች ክኒን ለእኔ ምን ትሠራለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከመጠጥ ጋር ስትገናኝ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፍሬን ነው የሚረግጡት፣ ትንፋሽ ድረስ። ለፕሬዘንቴሽን እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ተብላ የምትዋጠው ፕሮፕራኖሎልም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ናት። ሌላም ነገር አለ፤ ለረዥም ጊዜ በብዛት የጠጣ ወይም እንዲህ ያለ ማረጋጊያ የለመደ ሰው በራሱ ወኔ አንድ ቀን ቁርጥ አድርጌ ተውኩ ቢል መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንደ ሚጥል በሽታ መጣል ሊመጣበት ይችላል፤ ይገድላልም። ማቆሙ ትክክል ነው፣ አቋቋሙ ግን ከሐኪም ጋር መሆን አለበት። ይኼን ክፍል ረዘም ያደረግኩት አውቄ ነው። የዋትስ ቪዲዮዎች ይኼን አይነግሩም።

ታዲያ ፍልስፍናው አልሠራም ማለት ነው? አይመስለኝም። ወደ ሶኬይ-አን ልመልሳችሁ። ዋትስ ከመምህሩ ፊት ተነሥቶ የሄደው ሥርዓቱ ስላልተስማማው ነው። በኋላም ለረዥም ሰዓት ተቀምጦ ማሰላሰልን ብዙም አያሞግስም ነበር፤ ዜን ጥረት ከሆነ ዜንነቱ ይቀራል ባይ ነው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሐሳቡን መረዳትና ነርቭን ማሠልጠን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ ተመራማሪ ከቡድሂስት ልምምድ ሃይማኖቱን ቀንሶ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕሙማን የሳምንታት ሥልጠና ጀመረ። በ2022 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ይኼን ሥልጠና፣ ግማሹን ኤሲታሎፕራም የሚባል የታወቀ መድኃኒት ሰጣቸው። ሥልጠናው ከመድኃኒቱ አላነሰም። ልብ በሉ ግን፤ በየሳምንቱ ከአሠልጣኝ ጋር የሁለት ሰዓት ተኩል ክፍል፣ በየቀኑ ደግሞ 45 ደቂቃ የቤት ሥራ ነበረበት። በጆሮ ማዳመጫ ታክሲ ውስጥ የሚሰማ ነገር አይደለም። መድኃኒቱም ቢሆን በሐኪም የታዘዘና ክትትል ያለው ነበር። በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የምሥራቅ ጥበቦች ከሃይማኖት ይልቅ የአእምሮ ሕክምናን ይመስላሉ ብሎ የጻፈው ዋትስ ራሱ ነው፤ አልተሳሳተም። ሕክምና ግን ታካሚው ወንበሩ ላይ መቀመጥን ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠው በአስረጂው ወንበር ነበር።

ይኼን ስል እየናቅኩት እንዳይመስላችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የዜን ማዕከል ያቋቋመው ሹንሪዩ ሱዙኪ፣ እሱ እንኳን በየማለዳው የሚቀመጥ መነኩሴ ነው፣ አንድ ተማሪው ዋትስን ሲያጣጥልበት ተቆጥቶ ለሰውዬው ትልቅ ክብር እንደሰጠ ይተረካል። ብዙዎቹ ተማሪዎች እኮ ወደ እሱ የመጡት የዋትስን መጽሐፍ አንብበው ነው።

በ1973 መኸር ዋትስ ከአውሮፓ የንግግር ጉዞ ደክሞ ተመለሰ። ልቡን ይታከም ነበር። ማረፊያው ከታማልፓይስ ተራራ ግርጌ፣ ድሩይድ ሃይትስ በሚባል የአርቲስቶች መንደር ያለች ቤት ነበረች። ኖቬምበር 16 እዚያው ሞተ። አስከሬኑን በባሕር ዳር በእንጨት እሳት አቃጠሉት፤ አመዱ ግማሹ ድሩይድ ሃይትስ፣ ግማሹ አጠገቡ ባለው የግሪን ገልች የዜን ገዳም ተቀበረ። ያን ተቀምጦ ማሰላሰል ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ናቸው የተቀበሉት።

ድምፁ ከሱ በኋላ ነው የበለጠ የተሰማው። ልጁ ቅጂዎቹን ሰብስቦ አስቀመጠ፤ በ2013 የወጣው «ኸር» የሚባለው ፊልም ውስጥ እንኳ ኮምፒውተሮች ተባብረው እንደገና የሠሩት ምሁር ሆኖ ይገባል። በ2017 ደግሞ ሴት ልጆቹ ደብዳቤዎቹን አሳተሙ።

ሲሞት ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ስለ ታኦ ነው፤ ውኃ እንዴት ሳይታገል መንገዱን እንደሚያገኝ። አምስት ምዕራፍ ጨርሶ ሌላ ሁለት አስቦ ነበር። አል ቹንግ-ሊያንግ ሁዋንግ የተባለው የታይ ቺ መምህር ወዳጁ የቀረውን አሟልቶ በ1975 አሳተመው።